ጢም፣ ምላስ፣ አንጓ፦ የሣሮቻችን መለያ ታሪክ

ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመጣው ስኮትላንዳዊውን መንገደኛ ጄምስ ብሩስን ተከትሎ ሲሆን፣ ሥራውም በየመንገዱ ያገኙትን ዕፅዋት እየሣለ ማስቀመጥ ነበር። ብሩስ በ1773 አውሮፓ ሲደርስ የባሉጋኒን ሥዕሎችና ጥቂት ዘሮች ይዞ ነበር። ከዘሮቹ አንዱ ጤፍ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1775፣ አቲሊዮ ዙካኒ የተባለ የፍሎረንስ የዕፅዋት ሊቅ ስለ ጤፍ አንድ ጽሑፍ አሳተመና ተክሉን «ፖአ» ከሚባለው የአውሮፓ የሣር ወገን መደበው።

ስህተቱ የሚያስነቅፈው አይደለም። ሣር ለሩቅ ዓይን ሁሉም አንድ ነው፤ የሚለየውን ነገር ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። አገዳው በአንጓ የተከፋፈለ ነው። ቅጠሉ ከአንጓው ተነሥቶ አገዳውን እንደ ሰገባ አቅፎ ይወጣና ከፍ ሲል ወደ ጎን ይዘረጋል። ሰገባው ከዝርጉ ቅጠል ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከውስጥ በኩል፣ «ምላስ» የምትባል ትንሽ ነገር አለች። አበባው ደግሞ ቀለም ያለው ቅጠል የለውም፤ በደቃቃ ቅርፊቶች ተሸፍኖ በትንንሽ ዘለላዎች ይደረደራል። የሣር ሊቃውንት የሚከራከሩት በእነዚህ ላይ ነው፤ ምላሷ ስስ ሽፋን ናት ወይስ የጸጉር ረድፍ? ቅርፊቱ ስንት መስመር አለው? ከቅርፊቱ የሚወጣ ጢም አለው ወይስ የለውም?

ጤፍ በዚህ ምርመራ ሲታይ ከፖአ ጋር አይሄድም። የፖአ ምላስ ስስ ሽፋን ስትሆን፣ የጤፍ ግን አጫጭር ጸጉሮች የተሰለፉባት ናት። የፖአ አበባ ቅርፊት አምስት መስመር ሲኖረው የጤፍ ሦስት ብቻ ነው። ዙካኒ ጽሑፉን ባሳተመ በዓመቱ፣ በ1776፣ ናትናኤል ቮልፍ የተባለ ሌላ ሊቅ «ኤራግሮስቲስ» የሚባለውን ወገን ለይቶ አወጣ። ጤፍም በ1827 ወደዚሁ ወገን ተዛወረ፤ ሆኖም የተዛወረው ያክዊን የተባለ ሌላ ሰው በ1781 በሰጠው «አቢሲኒካ» በሚል ስም ነበር። በዕፅዋት ስያሜ ሕግ ቀድሞ የታተመ ስም ይጸናልና፣ አሌሳንድሮ ትሮተር በ1918 የዙካኒን ስም መልሶ ከትክክለኛው ወገን ጋር አጣመረው። አንድን የእህል ሣር በተገቢው ቦታና በተገቢው ስም ለማስቀመጥ 143 ዓመት ፈጀ።

አራሹ ይህ ሁሉ አላስፈለገውም። ጤፍን በማሳው ውስጥ ከሚበቅል የዱር ዘመዱ ሲለይ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። የዱሩ ሲበስል ፍሬውን ያራግፋል፤ ጤፍ ግን እስኪወቃ ድረስ ፍሬውን ይዞ ይቆያል። ኋላ ሳይንሱም ይህንኑ ተቀብሎ ጤፍን ከቅርብ ዘመዱ ከ«ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ» ከሚለይባቸው ዋና ምልክቶች አንዱ አድርጎታል። ሁለቱ ዕውቀቶች የተለያየ መንገድ ይዘው አንድ ቦታ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመጨረሻውም አይደለም።

ሰሜኑ ሲመዘገብ

የሚቀጥሉት መቶ ዓመታት ሰብሳቢዎች በብዛት የመጡት በምጽዋ በር ነው። በመጀመሪያ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ከ1831 እስከ 1833 ተዘዋወረ። በ1837 ደግሞ ጀርመናዊው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ዓድዋ ገባ፤ እንደ ሌሎቹ ሰብስቦ አልተመለሰም። ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሾሙት፤ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1878 ድረስም በትግራይና በዙሪያው ሲሰበስብ ኖረ።

የሺምፐር ሥራ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሣሩን ከነሥሩ ይነቅላል፤ ሥር ከሌለው ዓመታዊ ይሁን ቋሚ አይታወቅም። ረጅም ከሆነ አገዳውን እያጠፈ ከወረቀቱ ልክ ያስገባዋል። ከዚያ በወረቀት መካከል አድርጎ ይጫነዋል፣ ያደርቀዋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። የደረቁት ናሙናዎች ጀርመን ውስጥ ኤስሊንገን ለነበረ ማኅበር ይላኩና ገንዘብ ላዋጡ ተቋማትና ሊቃውንት ይከፋፈላሉ። የማኅበሩ ሰዎች ሆህሽቴተርና ሽቶይደል ብዙዎቹን የኢትዮጵያ ሣሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ስም የጠሩት ከዚሁ ናሙና ተነሥተው ነው። ከእነዚህ ሣሮች አንዳንዶቹ ዛሬም በሳይንስ ስማቸው ላይ የሆህሽቴተርን ስም ይዘው ይጓዛሉ። ሆህሽቴተር ግን ሣሮቹ የሚበቅሉበትን መስክ አላየውም።

ሽቶይደል ከ1853 እስከ 1855 ባሳተመው መጽሐፍ የዓለምን ሣሮች በአንድ ክፍል፣ ሣር የሚመስሉትን የቄጠማ ወገኖች በሌላ ክፍል አደረገ። ይህን ልዩነት ቡና ሲፈላ የተጎዘጎዘ ቄጠማ ያነሣ ሰው ሁሉ በጣቱ ሊያረጋግጠው ይችላል። የቄጠማውን አገዳ በሁለት ጣት ይዞ ማዞር ነው፤ ሦስት ጠርዝ አለው፣ ውስጡ ድፍን ነው፣ የሣር ዓይነት አንጓም የለውም። ቅጠሎቹም የሚወጡት በሦስት ረድፍ ነው፤ የሣር ግን በሁለት ረድፍ ነው። በጎጃም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጃገረዶች የሚነቅሉት እንግጫም ከሣር ሳይሆን ከቄጠማ ዘመድ ነው።

ሺምፐር በትግራይ በሚሰበስብበት ዘመን አንድ ቡድን ከፈረንሳይ መጣ። የቡድኑ ሐኪሞችና ዕፅዋት ሰብሳቢዎች ካርቲን ዲዮንና አንቷን ፔቲ ነበሩ። ካርቲን ዲዮን በ1840 በቆላ ንዳድ ሞተ፤ ፔቲን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደረሰ፤ አሺል ሪሻርም ይህንኑ መሠረት አድርጎ ከ1847 እስከ 1851 የኢትዮጵያን ዕፅዋት በላቲን የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጣ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል የምትገኘውን የቡለን ወረዳ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያገናኛት ይህ መጽሐፍ ነው፤ ምክንያቱም ሪሻር ከመዘገባቸው ሣሮች መካከል የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመል፣ ይገኝበታል።

ሽመል በሁለት ዓይን

ቀርከሃ ሣር ነው። እንደ ዛፍ ቢቆምም አንጓው፣ የቅጠሉ ሰገባ፣ በቅርፊት የተሸፈነው አበባ ሁሉ የሣር ነው። ቡለን ከመተከል ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ቦሮ ሽናሻ፣ ጉሙዝ፣ አማራ፣ ኦሮሞና ሌሎችም ይኖሩባታል። በዚህ ቆላ ሽመል ማገርና ግድግዳ ነው፣ አጥር ነው፣ ቅርጫት ነው፤ ክረምት ሲገባ ከመሬት የሚወጣው ለጋ ቡቃያው ደግሞ ምግብ ነው። አንድ ሰው ሽመልን ከደጋው ቀርከሃ ለመለየት ገጀራ ብቻ ይበቃዋል። አንድ አገዳ ቆርጦ ጫፉን ያያል፤ የደጋው ውስጡ ባዶ ነው፣ የቆላው ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። ስለዚህ ነው ሽመሉ ለዱላና ሸክም ለሚበዛበት ማገር፣ የደጋው ደግሞ ተሰንጥቆ ለሚሠራ ዕቃ የሚመረጠው።

ሪሻር ሽመልን ሲመዘግብ በእስያ ከሚገኙት ቀርከሃዎች ጋር «ባምቡሳ» አለው። በ1868 እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ዊልያም ሙንሮ የዓለምን ቀርከሃዎች ሁሉ መርምሮ ሲጽፍ ወደ «ኦክሲቴናንቴራ» አዛወረው። የወገኑ አንዱ ዋና ምልክት ያለው አበባው ውስጥ ነው። ስንዴም ጤፍም ሦስት የወንዴ ዘንጎች ሲኖሯቸው ሽመል ስድስት አለው፤ ዘንጎቹም እግራቸው ተያይዞ ቱቦ ሆኗል። አበባዎቹ የሚወጡት ሉል በሚመስሉ፣ ጫፋቸው በሚወጋ ጥቅጥቅ ባሉ ዘለላዎች ነው። ሙንሮ በዚህ ወገን ውስጥ የእስያ ዝርያዎችንም ጨምሮ ነበር፤ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እነዚያን አንድ በአንድ ወደ ሌሎች ወገኖች ስላወጧቸው ዛሬ በወገኑ የቀረው ሽመል ብቻ ነው።

ችግሩ ሽመል የሚያብበው በብዙ ዓመታት አንዴ መሆኑ ነው። ሊቁ ለመፍረድ የፈለገው አበባ በመንደሩ አንድ ትውልድ ሙሉ ላይታይ ይችላል። ቆራጩ ደግሞ በየቀኑ የሚያየው አገዳ ደርቆ ከወረቀት ላይ ሲጣበቅ ብዙ ምስክርነት አይሰጥም። አንዱ ያለ አበባ አይፈርድም፣ ሌላው አበባ ሳያይ ያውቃል። ቀርከሃ አጥኚዎች ከጊዜ በኋላ ከቅጠልና ከአበባ በተጨማሪ ለጋውን አገዳ የሚሸፍነውን ሰገባና አገዳውን ራሱን መሰብሰብ የጀመሩት ይህን ችግር ስላዩት ነው፤ የቆራጩን ማስረጃ ወደ ናሙናው አስገቡት ማለት ነው።

የደጋው ቀርከሃም ስሙ አልረጋለትም። በመጀመሪያ «አሩንዲናሪያ» ተባለ፤ በ1974 «ዩሻኒያ»፣ በ1989 «ሲናሩንዲናሪያ» ሆነ፤ በ2013 ክሪስ ስቴፕልተን «ኦልዴአኒያ» የሚባል ለአፍሪካ የተለየ ወገን ሠራለት። ገበያ ላይ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ያው ቀርከሃ ነው።

መጽሐፉ ወደ አገር ቤት ሲገባ

እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የኢትዮጵያን ሣር ለማወቅ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አንድም ላቲን መማር፣ አንድም ባሕር መሻገር ነበረበት። የኦስትሪያው ኩፎዶንቲስ ከ1953 እስከ 1972 በተከታታይ ያሳተመው ዝርዝር ተበታትኖ የነበረውን ስም ሁሉ ሰበሰበ፤ ይሁንና ስም ይዘረዝራል እንጂ ተክሉን ለያዘ ሰው «ይህ ነው» ብሎ አይመራም። በ1959 አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊው የዕፅዋት ናሙና ቤት ሲቋቋም ግን ናሙናው በአገሩ መቀመጥ ጀመረ።

በ1969 የለንደኑ የኪው ተመራማሪ ክሌይተን በሰምበሌጥ ወገን ላይ ትልቅ ጥናት አወጣ። ሰምበሌጥ የቆላው ቤት ክዳን ነው፤ በመተከል ክረምት ሲወጣ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ይታያል፣ በበጋ እሳት ይበላዋል፣ የማደጊያ እምቡጡ ከመሬት ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይወጣል። ለከዳኙ ሰምበሌጥ አንድ ነው፤ ቢበዛ በውፍረቱና በእርዝማኔው ይመርጠዋል። ለሊቁ ግን ብዙ ዝርያ ነው፤ መለያውም ጥቃቅን ነው። ዘለላዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፤ ጥንዶቹን የሚያቅፍ አንድ ጠባብ ቅጠል አለ። በእያንዳንዱ ዘለላ ላይ ትንንሾቹ ፍሬ ያዦች ሁለት ሁለት ይሆናሉ፤ አንደኛው እግር የለውም፣ ጢም አለው፤ ሌላው እግር አለው፣ ጢም የለውም። ዝርያውን ለማወቅ በጥንዱ ላይ ያለውን ጢም መቁጠር፣ የጸጉሩን ቀለም ማየት፣ አቃፊውን ቅጠል መለካት ያስፈልጋል። «ሩፋ» የሚባለው ዝርያ ጸጉሩ ዝገት የመሰለ ቀይ ነው።

ጢሙ ራሱ የሚታይ ነገር ነው። ጥምዝ ሆኖ መሐሉ ላይ ይታጠፋል፤ ሲርስ ይፈታል፣ ሲደርቅ እንደገና ይጠመዘዛል። ማታ በጤዛ፣ ቀን በፀሐይ እየተፈታና እየተጠመዘዘ ፍሬውን አፈር ውስጥ ያስገባዋል። በሰምበሌጥ መሐል አልፎ ልብሱ ላይ የተሰኩትን እሾህ መሰል ነገሮች የነቀለ ሰው ሁሉ ከዚህ መለያ ጋር ተዋውቋል።

የቀጣዮቹ ዓመታት ሥራ ከአገር ውስጥ መጣ። በ1974 አሰላ ላይ የነበረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ፍሮማንና ፔርሾን ያዘጋጁትን በሥዕል የተደገፈ የኢትዮጵያ ሣሮች መምሪያ አወጣ። በ1975 ታደሰ እባ የጤፍን ዓይነቶች በቅርጻቸው ለይቶ 35 ዓይነቶችን ገለጸ፤ ዘለላው የተበተነ ነው ወይስ የተሰበሰበ፣ የፍሬውና የቅርፊቱ ቀለም ምን ይመስላል እያለ። በዚያው ጊዜ ታረቀ በርሄ የጤፍን አበባ በትዕግሥት ተከታትሎ አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። አበባዋ የምትከፈተው ማለዳ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር፤ የተከፈተችበት ሰዓት ሲታወቅ ማዳቀል ተቻለ። ቁንጮን የመሰሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች የመጡት በዚያ በተከፈተው መንገድ ነው።

በ1980 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ዕፅዋት ሁሉ የሚመዘግብ ሥራ ጀመሩ። ከመሥራቾቹና ከአዘጋጆቹ መካከል ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ በኋላም መስፍን ታደሰና ሰብስቤ ደምሰው ይገኙበታል። ሰባተኛው ቅጽ የሣር ቅጽ ነው፤ የኪዋ ሲልቪያ ፊሊፕስ ጽፋው በ1995 ታተመ። መጽሐፉ ሁለት ሁለት አማራጭ እያቀረበ ይመራል፤ ምላሱ ጸጉር ከሆነ ወደዚህ፣ ሽፋን ከሆነ ወደዚያ፤ ጢም ካለው ወደዚህ፣ ከሌለው ወደዚያ። ሁለት መቶ ዓመት ሊቃውንትን ያከራከረው ነገር አንድ ተማሪ ማጉያ መነጽር ይዞ በአንድ ቀን የሚሄድበት መንገድ ሆነ።

ቡለን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በራሷ ስም አትገኝም። ቅጹ የተክሎችን መገኛ የሚጠቅሰው በቀድሞዎቹ ክፍላተ ሀገር ምልክት ስለሆነ የመተከል ሣር ሁሉ በ«ጎጃም» ሥር ነው። መጽሐፉ በወጣበት በዚያው ዓመት መተከልን የያዘው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአዲሱ ሕገ መንግሥት ጸና። ስለዚህ የቡለንን ሣር በመጽሐፉ የሚፈልግ ሰው ሌላ ክልል ሥር ይፈልጋል፤ ከደጋው የጎጃም ሣር ጋር ተቀላቅሎም ያገኘዋል።

ወደ ምዕራቡ ቆላ

ይህን ክፍተት የሞላው በምዕራቡ ቆላ ላይ ያተኮረው ሥራ ነው። የዴንማርኩ ኢብ ፍሪስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ፓውሎ ቫን ብሩገል በ2010 የኢትዮጵያን የዕፅዋት ሽፋን ካርታ ሲያወጡ የመተከልን ቆላ አባሎና መሰል ዛፎች ረጅም ሣር ላይ ተበትነው ከሚታዩበት፣ በየዓመቱ እሳት ከሚያልፍበት የደን ዓይነት መደቡት። በ2022 ደግሞ ፍሪስና ባልደረቦቹ ስለዚሁ የምዕራብ ደን ብቻ አንድ ሰፊ መጽሐፍ አወጡ።  

ያ ዘመን ለመተከል የሰላም ዘመን አልነበረም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ብዙ ሰው ተገደለ፤ ከየቀበሌውም ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። ከተፈናቀለው ጋር የሄደ ዕውቀት አለ፤ የትኛው ሰምበሌጥ ለክዳን እንደሚሻል፣ የትኛው የሽመል ቡቃያ መቼ እንደሚቆረጥ የሚያውቀው ቦታው ላይ የኖረ ሰው ነው። የዚያኑ ቦታ ሣር ሰብስቦ ወደ ናሙና ቤት የሚያደርስ ተመራማሪም መንገዱ ሲዘጋ አይሄድም። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ጊዜ ተጎዱ።

ሁለቱን በግድ የሚያገናኝ ቀን ግን ይመጣል፤ እሱም ሽመል የሚያብብበት ነው። ሽመል ሲያብብ በአንድ አካባቢ ያለው በብዛት አብሮ ያብባል፣ ፍሬ ይሰጣል፣ ከዚያም ይሞታል። ማገሩም አጥሩም ቡቃያውም አብሮ ይቀራል። መተኪያው በዚያ ጊዜ የረገፈው ዘር ነው፤ በተከታዩ ክረምት ከመሬት የሚወጣው ችግኝ ግን ሲታይ ተራ ሣር ነው። ከብት ይግጠዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል፣ እርሻ ውስጥ ከገባም ከአረም ጋር ይነቀላል። አዋቂው ቆራጭ እዚህ ላይ ገጀራው አይረዳውም፤ ገና የሚቆረጥ አገዳ የለምና።

የሚረዳው የሊቁ ምልክት ነው። የአብዛኛው ተራ ሣር ዝርግ ቅጠል በቀጥታ ከሰገባው ይነሣል። የቀርከሃ ቅጠል ግን ከሰገባው ጋር የሚገናኘው ጠበብ ባለች አጭር አንገት ነው። ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዞ መጋጠሚያውን ማየት ይበቃል፤ አንገት ካለው አይነቀልም፣ ከብትም አይለቀቅበትም። ይህ መለያ በእንግሊዝኛ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ከታተመ ዘመናት አልፈዋል። ለቡለን የልማት ሠራተኛና ለአረም ነቃዩ በአማርኛ፣ በሽናሽኛና በጉሙዝኛ ሊነገር የሚገባው ሽመሉ ሳያብብ ነው፤ ካበበ በኋላ ለመማር የሚቀረው ጊዜ አንድ ክረምት ብቻ ነውና።